«ብዙም የማያሳስብ» ለማን? የምዕራብ ጎጃም አጥቢ የዱር እንስሳትና የጥበቃ ደረጃቸው

ማንኩሳ በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» ምክንያት በአማርኛ አንባቢ ዘንድ ስሟ የታወቀ የምዕራብ ጎጃም ከተማ ናት። የዙሪያዋ አጥቢ የዱር እንስሳት ግን እንዲህ ያለ ዝና የላቸውም። ጅብ፣ ዝንጀሮ፣ ጦጣ፣ ጉሬዛ፣ ድኩላ፣ ሚዳቋ፣ ከርከሮ፣ ጃርት፣ ቀበሮ፣ ጥርኝና ሽኮኮ ለምዕራብ ጎጃም ገበሬ አዲስ ስሞች አይደሉም፤ ከፊሎቹ በሌሊት ድምፃቸው ይሰማል፣ ከፊሎቹ በበቆሎ ማሳ ዳር ይታያሉ፣ ከፊሎቹ ደግሞ ከወንዝ ዳር ጥሻና ከቤተ ክርስቲያን ደን አይርቁም። እነዚህ ሁሉ በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ቀይ መዝገብ ውስጥ ሲፈለጉ የሚገኘው መልስ አንድ ነው፦ «ብዙም የማያሳስብ»።

መልሱ ስሕተት አይደለም። ስሕተቱ ያለው በአነባበቡ ላይ ነው። ቀይ መዝገቡ የሚናገረው አንድ ዝርያ ከምድር ገጽ የመጥፋት ዕድሉ ምን ያህል እንደሆነ ነው፤ ያው ዝርያ ከጃቢ ጠህናን፣ ከቡሬ ወይም ከመላው ጎጃም ስለ መጥፋቱ የሚናገረው ነገር የለም። ሆኖም በመመረቂያ ጽሑፎች መግቢያ፣ በጥናት ገንዘብ ማመልከቻዎችና በመሥሪያ ቤቶች ዕቅድ ውስጥ የዓለሙ ደረጃ የአካባቢው ደረጃ ተደርጎ ሲወሰድ ይታያል። በዚህም ምክንያት ብዙ የሚታዩ የሚመስሉ እንስሳት ሳይቆጠሩ ያልቃሉ። የዚህ ጽሑፍ መከራከሪያ አጭር ነው፦ የአማራ ክልል ዩኒቨርሲቲዎች የጋራ የሆነ ክልላዊ የአጥቢ እንስሳት ቀይ መዝገብ ሊያዘጋጁ ይገባል፤ ሥራውም ብርቅ ከሆኑት ብቻ ሳይሆን ከተለመዱት መጀመር አለበት።

ነገሩ ግልጽ እንዲሆን የአመዳደቡን ሥርዓት ማስታወስ ይጠቅማል። አንድ ዝርያ «ተጋላጭ» ለመባል ቁጥሩ በአሥር ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው ጊዜ፣ ቢያንስ በ30 በመቶ መቀነስ አለበት፤ መቀነሱ 50 በመቶ ሲደርስ «ለአደጋ የተጋለጠ»፣ 80 በመቶ ሲደርስ ደግሞ «እጅግ ለከፋ አደጋ የተጋለጠ» ይባላል። የስርጭት ስፋትና የአዋቂዎች ቁጥርም ሌሎች መለኪያዎች ናቸው። ጉሬዛ ከናይጄሪያና ከካሜሩን ተነሥቶ በመካከለኛው አፍሪካ በኩል እስከ ኢትዮጵያ፣ ኬንያና ሰሜን ታንዛኒያ ተሰራጭቶ ይኖራል። በዚህ ሰፊ ግዛት መለኪያ በጎጃም ያሉት ጉሬዛዎች በሙሉ ቢያልቁ የዝርያው የዓለም ደረጃ አንዲት እርከን እንኳ ላይለወጥ ይችላል። የዓለሙ መዝገብ አይዋሽም፤ የሚጠየቀው ግን ሌላ ጥያቄ ነው።

ይህን ልዩነት ከሌላው ዓለም የባልካን አገሮች ልምድ በሚገባ ያሳያል። ሊንክስ የሚባለው የድመት ወገን አዳኝ ከምዕራብ አውሮፓ እስከ ሩሲያ ምሥራቃዊ ጫፍ የሚኖር በመሆኑ ዝርያው በአጠቃላይ «ብዙም የማያሳስብ» ተብሎ ተመዝግቧል። በሰሜን መቄዶንያና በአልባንያ ተራሮች የሚገኘው የባልካን ሊንክስ ግን ከዋናው ዝርያ የተለየ ንዑስ ዝርያ ሲሆን ከ50 ያነሱ አዋቂዎች ብቻ እንደ ቀሩት ተገምቶ እ.ኤ.አ. በ2015 «እጅግ ለከፋ አደጋ የተጋለጠ» ተብሏል። የሁለቱ አገሮች ተመራማሪዎች ከውጭ ባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2006 የማገገሚያ መርሐ ግብር ሲጀምሩ ከቀደምት ተግባሮቻቸው አንዱ ወደ መንደሮች ሄደው እረኞችን፣ አዳኞችንና የደን ሠራተኞችን መጠየቅ ነበር፤ የካሜራ ወጥመድ የተተከለው ከዚያ በኋላ ነው። ሰሜን መቄዶንያ የእንስሳውን ምስል በአምስት ዲናር ሳንቲሟ ላይ ቀርጻለች። የባልካን ተመራማሪዎች በዓለሙ ደረጃ ተዘናግተው ቢሆን ኖሮ ሳንቲሙ ላይ የቀረው ምስል ብቻ በሆነ ነበር።

ጎጃም የዚህ ተቃራኒ የሆነ የራሱ ታሪክ አለው። የኢትዮጵያ ቀይ ቀበሮ በጮቄ ተራራ ይኖር ነበር፤ ዛሬ በዚያ የለም። እርሻና ግጦሽ ወደ ተራራው አናት እየወጣ ሲሄድ የቀበሮው መኖሪያና የሚመገባቸው የአይጥ ወገኖች ምድር እየጠበበ ሄደ። ዛሬ በመላው ዓለም ከ500 ያነሱ አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች የቀሩ ሲሆን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራሮች፣ የቀሩት ደግሞ በአርሲ፣ በሰሜን ተራሮች፣ በመንዝ ጓሳ፣ በቦረና ሳይንትና በመሰሉ ጥቂት ከፍተኛ ቦታዎች ይገኛሉ። ዓለም የሚያውቀው፣ ስሙ በየመጽሔቱ የሚጠራ፣ የራሱ የጥበቃ መርሐ ግብር ያለው እንስሳ ከጎጃም ሊጠፋ ከቻለ ማንም የማይጠይቅለት ድኩላና ጉሬዛ ምን ዋስትና አላቸው?

የመንዝ ጓሳ ጉዳይ በአንጻሩ ተስፋ የሚሰጥ ነው። በዚያ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነውን ከፍተኛ ሣር ምድር ነዋሪው ለብዙ ዘመን በቄሮ ሥርዓት እየዘጋና እየከፈተ ተጠቅሞበታል፤ ቀይ ቀበሮውም እስከ ዛሬ አለ። ጮቄና ጓሳ ሁለቱም ደጋ ናቸው፣ በሁለቱም ዙሪያ ገበሬ አለ። በጓሳ ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለከብት መኖ ይጠቅም ስለ ነበር ሕዝቡ የራሱ መጠበቂያ ደንብ አበጀለት፤ ቀበሮውም በሣሩ ጥበቃ ተጠልሎ ኖረ። ይህም ለምዕራብ ጎጃም ትምህርት አለው፤ እንስሳ የሚተርፈው ነዋሪው ለራሱ ጥቅም የሚጠብቀው ቦታ ሲኖር ነው።

በማንኩሳና በፍኖተ ሰላም ዙሪያ ብሔራዊ ፓርክ የለም። እዚያ የመጠበቂያውን ሥራ ሳይታወጅ የሚሠሩት ሌሎች ቦታዎች ናቸው፤ ከእነዚህም ዋነኛው የቤተ ክርስቲያን ደን ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና ሌሎች ተመራማሪዎች በደቡብ ጎንደርና በአካባቢው ባደረጉት ጥናት እነዚህ ደኖች የአገር በቀል ዛፎች የመጨረሻ መጠለያዎች መሆናቸውን አሳይተዋል። ብዙዎቹ ግን ከአሥር ሄክታር ያነሱና በእርሻ ባሕር ውስጥ እንደ ደሴት የተበታተኑ ናቸው። ለዛፍ ዘር አሥር ሄክታር ብዙ ሊሆን ይችላል፤ ለጉሬዛ ግን ከአንድ ደን ወደ ሌላው የሚያሻግር የዛፍ መስመር ከሌለ በደኑ የቀረው መንጋ ጥቂት ቤተ ዘመድ ብቻ ይሆናል። ሁለተኛው መጠለያ በብር፣ በላህና በፈተም ወንዞች ዳር የቀረው ጥሻ ሲሆን ሦስተኛው ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርደው ቆላ ነው። እነዚህን ሦስቱን የሚያገናኘው መስመር የት እንደ ተቆረጠና የት እንደ ቀጠለ ማወቅ የእንስሳቱን ዕድል ከማወቅ አይለይም።

እዚህ ላይ አንድ የተለመደ መደናገር መነሣት አለበት። ከሳተላይት በሚገኝ ምስል የምዕራብ አማራ ከፊል ወረዳዎች ከቀድሞው ይልቅ አረንጓዴ ሆነው ይታያሉ። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማ ወረዳ ለከሰል የሚተከለው የውጭ አገር ግራር የዛፍ ሽፋኑን ከፍ አድርጎታል፤ በብዙ ቦታም ባሕር ዛፍ እርሻውን እየተካ ነው። ይህ ለገበሬው ገቢ፣ ለአፈሩም ዕረፍት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በአራትና በአምስት ዓመት የሚቆረጥ አንድ ዓይነት ዛፍ ቅጠልና ፍሬ ለቃሚ ለሆነው ለጉሬዛ ከአገር በቀሉ ደን ጋር እኩል አይደለም። «የደን ሽፋን ጨምሯል» የሚለው ዓረፍተ ነገር «የዱር እንስሳት መኖሪያ ጨምሯል» ተብሎ ሊተረጎም አይገባም። ለከርከሮና ለጅብ ደግሞ ያው ተክል መደበቂያ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ አንዱ ዝርያ ሲጎዳ ሌላው ሊጠቀም ስለሚችል እያንዳንዱ ለየብቻ መመዘን ይኖርበታል።

ለዚህ ሥራ የሚያስፈልገው ዕውቀት ከፊሉ በሕዝቡ ዘንድ አስቀድሞ አለ። እ.ኤ.አ. በ2016 መጀመሪያ በአማራ ክልል ምዕራባዊ ዳር በሚገኘው የአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ወጥመድና በዱካ ሲረጋገጥ ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰማ። ለአካባቢው ነዋሪ ግን ነገሩ ዜና አልነበረም፤ አንበሶቹ እንዳሉ ያውቅ ነበር። የጎደለው ዕውቀቱ ሳይሆን ዕውቀቱን ተቀብሎ የሚያጣራና የሚመዘግብ ሰው ነበር። የተለመዱ የሚባሉት እንስሳት እንኳ ማንነታቸው በሚገባ የታወቀ አልነበረም፤ ለብዙ ዘመን ከእስያው ወርቃማ ቀበሮ ጋር እንደ አንድ ዝርያ ሲቆጠር የኖረው የአፍሪካ ቀበሮ የተለየ ዝርያ መሆኑ የተገለጠው እ.ኤ.አ. በ2011 እና በ2015 በታተሙ የዘረመል ጥናቶች ነው፤ ከመጀመሪያው ጥናት ናሙናዎች ከፊሎቹም ከኢትዮጵያ ደጋ የተገኙ ነበሩ። በየመንደሩ ሲጮህ የሚሰማ እንስሳ ዝርያው ገና በቅርቡ ከታወቀ ቁጥሩ ታውቋል ብሎ መዝናናት አይቻልም።

በዚህ ሐሳብ ላይ ሊነሡ የሚችሉ መቃወሚያዎች ቀላል አይደሉም። የመጀመሪያው የቅደም ተከተል ጥያቄ ነው። ኢትዮጵያ ከ300 በላይ አጥቢ ዝርያዎች ሲኖሯት ከእነዚህ ውስጥ ከ50 የማያንሱት በሌላ አገር የማይገኙ ናቸው። ዋልያና ቀይ ቀበሮ በአደጋ ላይ እያሉ ጥቂቱን ገንዘብ በድኩላ ላይ ማጥፋት ተገቢ ነው ወይ? መልሱ ሥራው ሌላ ገንዘብ ሳይሆን ሌላ አደረጃጀት የሚጠይቅ መሆኑ ነው። በየዓመቱ በአጥቢ እንስሳት ላይ የሚሠሩ የሁለተኛ ዲግሪ ጽሑፎች አሉ፤ ነገር ግን አንዱ በአንድ ዘዴ፣ ሌላው በሌላ ዘዴ፣ አንዱ በበጋ፣ ሌላው በክረምት ስለሚሠራቸው ውጤታቸው አይደመርም። ተመሳሳይ ዘዴ ቢከተሉ ያው ወጪ ሁለት ጊዜ ይጠቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 የኢትዮጵያና የኤርትራ ብቸኛ ዛፎችና ቁጥቋጦዎች ቀይ መዝገብ ታትሟል፤ ለዕፀዋት የተቻለው ለእንስሳት የማይቻልበት ምክንያት የለም። በሌላ በኩል ያ መዝገብ የያዘው ብቸኛ ዝርያዎችን ብቻ መሆኑ የተለመዱት ምን ያህል በቀላሉ እንደሚዘለሉ ያስታውሳል።

ሁለተኛው መቃወሚያ የስፋት ነው። የዓለም አቀፉ ኅብረት በአገርና በክልል ደረጃ ለሚደረግ ምደባ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. በ2003 ያወጣው መመሪያ ራሱ በጣም ትንሽ በሆነ አካባቢ ላይ የሚደረግ ምደባ አስተማማኝ እንደማይሆን ያስጠነቅቃል፤ እንስሳት ድንበር አያውቁምና። ይህ ትክክል ነው። ስለዚህ የማንኩሳ ወይም የአንድ ወረዳ ቀይ መዝገብ ማዘጋጀት ትርጉም አይኖረውም። መዝገቡ የክልል፣ መረጃው ግን የቀበሌ መሆን አለበት። መመሪያው ከጎረቤት ግዛት የሚመጡ እንስሳት የተዳከመውን መንጋ ሊታደጉ ይችላሉ ወይ የሚለውን ጥያቄ እንደ ዋና እርምጃ ያስቀምጣል። ይህን ጥያቄ ደግሞ ከብር ወንዝ ዳር እስከ ዓባይ ቆላ ያለውን መተላለፊያ ሳያዩ በቢሮ ተቀምጦ መመለስ አይቻልም።

ሦስተኛው መቃወሚያ ከሁሉ ይከብዳል፤ የገበሬው ነው። ዝንጀሮና ጦጣ በቆሎ ይበላሉ፣ ከርከሮና ጃርት ማሳ ይቆፍራሉ፣ ጅብ አህያና በግ ይወስዳል። ማሳውን ለመጠበቅ ማማ ላይ ወንጭፍ ይዞ የሚውለው ብዙ ጊዜ ትምህርት ቤት መዋል የነበረበት ልጅ ነው። ጊደይ ይርጋና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2012 በሰሜን ኢትዮጵያ ስለ ጅብ ባሳተሙት ጥናት በዐቢይ ጾም ጊዜ የእርድ ትርፍራፊ ሲጠፋ ጅቦች ወደ አህያ አደን እንደሚያዘነብሉ ከአይነ ምድራቸው በተገኘ ፀጉር አሳይተዋል። ለጅብ የጾም ወራት በሆነው ጊዜ ዋጋውን የሚከፍለው አህያው የተበላበት ገበሬ ነው። ይህ ሁሉ ባለበት «ድኩላውንና ዝንጀሮውን ጠብቁ» ብሎ ብቻ የሚመጣ ምሁር ሰሚ አያገኝም፤ ማግኘትም የለበትም።

ነገር ግን ይህ መቃወሚያ መዝገቡ እንዲኖር እንጂ እንዳይኖር አያስገድድም። የጥበቃ ደረጃ መስጠት ክልከላ ማወጅ አይደለም፤ መመሪያውም ምደባና የሥራ ቅድሚያ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይናገራል። የትኛው ዝርያ እየበዛ፣ የትኛው እያነሰ እንደሆነ ሳይታወቅ ለገበሬው የሚጠቅም መፍትሔም አይገኝም። ዛሬ ባለው ሁኔታ የዝንጀሮው ጥፋት ለድኩላው ይተርፋል፤ በመርዝና በወጥመድ ሁሉም በአንድነት ይሞታሉና። ስለዚህ የሚዘጋጀው መዝገብ ከእያንዳንዱ ዝርያ ስም ፊት ሁለት ነገር መያዝ ይኖርበታል፦ የመጥፋት አደጋውንና በነዋሪው ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት። ሁለተኛው የሌለበት መዝገብ ለቤተ መጻሕፍት እንጂ ለወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት አይጠቅምም።

አሠራሩ ውስብስብ መሆን አያስፈልገውም። አንደኛው ክፍል የትዝታ ጥናት ነው። ሽማግሌዎች፣ ካህናት፣ የቀድሞ አዳኞችና እረኞች እያንዳንዱን እንስሳ ለመጨረሻ ጊዜ መቼና የት እንዳዩ ይጠየቃሉ። ዓመተ ምሕረት ለማስታወስ ለሚቸገር ሰው በሁሉ ዘንድ የሚታወቁ ክስተቶች መለኪያ ይሆናሉ፤ የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥ፣ የ1989ኙ የመሬት ሽግሽግ ከገበሬ ትውስታ የማይጠፉ ናቸው። «ከሽግሽጉ በፊት ነው ያየሁት» የሚል መልስ ለሳይንስ ጥሩ ቀን ነው። በዚህ መንገድ በሁለት ዓመት የመመረቂያ ጊዜ ሊታይ የማይችለው የሦስት ትውልድ ለውጥ ቢያንስ በግምት ይታያል። የስም ጉዳይ ጥንቃቄ ይጠይቃል፤ አንዱ ስም በየአካባቢው ለተለያየ እንስሳ ሊውል ይችላል፣ በትርጉምም ነብር «ታይገር» እየተባለ በአፍሪካ ወደሌለ ዝርያ ሲለወጥ ይታያል። ስለዚህ ጥያቄው በሥዕል ካርድና በድምፅ ቅጂ መታገዝ አለበት።

ሁለተኛው ክፍል በተመረጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች፣ የወንዝ ዳር ጥሻዎችና የቆላ ቁልቁለቶች ላይ በየጊዜው እየተመላለሱ በአንድ ዓይነት ዘዴ መመልከት ነው፦ ቋሚ የእግር ቅኝት መስመር፣ የካሜራ ወጥመድ፣ ዱካና አይነ ምድር። የዛሬው ተማሪ የተከለበትን ቦታ የሚቀጥለው ተማሪ ሊያገኘው እንዲችል ቦታው በትክክል ይመዘገባል። ሦስተኛው ክፍል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው ነው፤ አለመታየትም ይመዘገባል። አምስት ደን አይቶ በአራቱ ጉሬዛ ያጣ ተማሪ ያገኘበትን አንዱን ብቻ ከጻፈ ለጥበቃ ዋናውን መረጃ ጣለው ማለት ነው።

ለዚህ የሚያስፈልገው ተቋም ሁሉ በአካባቢው አለ። ባሕር ዳር፣ ደብረ ማርቆስና እንጅባራ ዩኒቨርሲቲዎች ምዕራብ ጎጃምን በሦስት አቅጣጫ ከበውታል፤ የፍኖተ ሰላም መምህራን ትምህርት ኮሌጅ ደግሞ ወደ ገጠር የሚዘልቁ መምህራንን ያፈራል። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ክልሎች በዱር እንስሳት ጥበቃ ላይ ድርሻ እንዲኖራቸው ያደርጋል። የጎደለው አንድ የጋራ ቅጽ፣ አንድ የጋራ ማኅደርና የመመረቂያ ጽሑፍ አማካሪዎች ስምምነት ነው። አማካሪው ተማሪውን «የትኛውን ብርቅ እንስሳ ታጠናለህ?» ከማለት ይልቅ «የቀዳሚህን መስመር ማን ይቀጥለዋል?» ቢለው ለውጡ ከዚያው ይጀምራል።

ነብርና ጉማሬ በዓለም ደረጃ «ተጋላጭ» ስለተባሉ ቢያንስ ስማቸው በየዕቅዱ ይነሣል። ድኩላ፣ ጉሬዛና ጥርኝ ይህ ዕድል የላቸውም፤ የእነርሱ አደጋ መብዛታቸው የተለመደ መምሰሉ ነው። ከጮቄ የጠፋው ቀይ ቀበሮ ስሙ በዓለም መዝገብ ስላለ መጥፋቱ ታውቋል። ከማንኩሳ ዙሪያ ድኩላ ቢጠፋ ግን መጥፋቱን የሚያውቁት ያዩት ሽማግሌዎች ብቻ ይሆናሉ፤ እነርሱም ሳይጠየቁ ቢያልፉ በዚያ ምድር ድኩላ ኖሮ እንደ ነበር የሚመሰክር አይቀርም። ጥያቄው ግን ዛሬ ሊጠየቅ ይችላል፤ ጠያቂውም በዚህ ዓመት የመመረቂያ ርእስ የሚፈልግ ተማሪ ሊሆን ይችላል።